ሦስተኛው ጥራዝ

ቤተ መጻሕፍት ጸጥታ የሰፈነበት ቦታ ነው የሚባለው ውሸት ነው። ይህን የሚሉት ገብተው የማያውቁ ናቸው፣ ወይም ገብተው የተኙ። እኔ የማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሰበታ፣ ጅማ መንገድ ዳር፣ ለሆቴል ተብሎ ተጀምሮ ለእኛ የተከራየ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ከሥሩ ብረት ቤት አለ፣ ብረት መቁረጫው ሲጮህ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ መስኮቱን ከከፈቱት የከባድ መኪና አቧራ ይገባል፣ ከዘጉት ይታፈናል። የሊፍቱ ጉድጓድ በጣውላ ተሸፍኗል፣ ደረጃው መደገፊያ የለውም፣ ጣሪያው ያፈሳል።

ሙት ያወራል፣ ጥላ ይሄዳል የሚሉትንም አምኜ አላውቅም። ሰበታ አጠገብ ዓለም ገና ላይ ሰዎች ጋኔን አለበት ብለው የሸሹትን ቤት ተከራይቼ ሰባት ዓመት ብቻዬን ኖሬበታለሁ፣ እመኑኝ፣ እዚያ ቤት ውስጥ ከእኔ ወጥ የበለጠ የሚያስፈራ ነገር አላየሁም።

በክረምቱ አጋማሽ ኃላፊያችን ጠርቶ፣ አንተ መጽሐፍ ትወዳለህ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ የትኛው ክፍል ይቀጥል የትኛው ይዘጋ የሚለውን አጥንተህ አቅርብ አለኝ፣ እኛ ዘንድ መጽሐፍ መውደድ የሚያስቀጣው እንዲህ ነው። ጥግ ላይ አንዲት የብሬል ክፍል አለች፣ ዓይነ ስውራን በጣታቸው ዳብሰው የሚያነቧቸው፣ በወፍራም ወረቀት ላይ በነጥብ የተጻፉ መጻሕፍት ያሉባት። ሰበታ ነጭ በትር ይዞ መንገድ የሚያቋርጥ ሰው ብርቅ ያልሆነባት ከተማ ናት፣ ግን የተገልጋዮችን መዝገብ ስገልጥ በዚያች ክፍል ስም ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ፊርማ የለም። “ተጠቃሚ የላትም፣ ትዘጋ” ብዬ ጻፍኩና ሐሙስ ጠዋት አስረከብኩ። ቀላል ነበር።

ከሰዓት በኋላ የክፍሏን መጻሕፍት ቆጥሬ ልመዘግብ ተመለስኩ። በር ላይ ከምትቀመጠው ሴትዮ አንድ ጥቅል ቆሎ ገዛሁ፣ ዛሬስ ደህና ወረቀት አገኘሽ አልኳት፣ ሳቀች፣ ጥቅሉን ኪሴ ከተትኩት። ጥበቃው ኦቦ ደቻሳ እንደ ልማዳቸው በኦሮምኛ ሰላም ብለውኝ፣ “መምህር፣ እዚያ ላይ የሚደርሰው እኮ እርስዎና ዝናቡ ብቻ ናችሁ” አሉኝ።

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ጫልቱ የክፍሏን ቁልፍ ሰጠችኝ፣ ወዲያው መብራት ጠፋ። ሰማዩ ጠቁሮ ስለነበር ዘጠኝ ሰዓት ላይ መሸ፣ ጫልቱ ሻማ ላምጣ ብላ ወረደች፣ ከሥር ብረት መቁረጫው ቆመ። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸጥታ ሰማሁ፣ ባልዲ ውስጥ የሚንጠባጠበው ውኃ ብቻ ነበር የቀረው።

ከዚያ ከጥጉ ሽር የሚል ድምፅ መጣ። ሩቅ ቦታ እህል በሰፌድ ሲበጠር የሚሰማ ዓይነት ነው፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ሽር። አይጥ ነው አልኩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወፍራም ወረቀት ተገለጠ፣ አይጥ ደግሞ ገጽ አይገልጥም።

ወደ ክፍሏ ሄድኩ። ጓጉንቸሩ በውጭ እንደተንጠለጠለ ነው፣ ቁልፉ እጄ ላይ ነው።

“ጋሼ፣ ጨለመብዎት?” አለኝ ከውስጥ አንድ ወጣት ድምፅ፣ በትሕትና።

“መብራት ጠፍቷል” አልኩት፣ ሰው ከጠየቀ ምን ይደረጋል።

“እኔስ ለእርስዎ ብዬ ነው።”

አሁን ሳስበው የማፍረው እዚህ ጋ ነው፣ ማን ነህ፣ እንዴት ገባህ ማለት ሲገባኝ፣ እንደ እውነተኛ የቢሮ ሰው፣ መዝገቡ ላይ እኮ ፊርማህ የለም አልኩት።

“በእስክርብቶ ነው የሚፈረመው አሉ። የት ላይ እንደሆነ ያሳየኝ የለም” አለ። ቀጥሎ ደግሞ፣ “ሦስተኛው ጥራዝ የት ሄደ? ሁለተኛው ነገሩ መሐል ላይ ነው የሚያበቃው።”

ጓጉንቸሩን ከፈትኩት። ማንም የለም። አንድ ወንበር፣ ፍርግርግ ያለው መስኮት፣ ጠረጴዛው ላይ የአንድ የሕግ መጽሐፍ ሁለተኛ ጥራዝ፣ መጨረሻው ገጽ ላይ ተገልጦ። አንድ ተራ መጽሐፍ በብሬል ሲጻፍ አራት ትልልቅ ጥራዝ ይሆናል። አቧራው ሁሉንም ነገር እንደ ዱቄት ሸፍኖታል፣ ያ ገጽ ላይ ብቻ መስመር በመስመር ተጠርጓል፣ እስከ መጨረሻው ነጥብ። መደርደሪያው ላይ አንደኛውና አራተኛው አሉ፣ በመካከላቸው ባዶ ቦታ፣ ከላዩ ግድግዳው በዝናብ ሻግቷል።

ጫልቱ ሻማዋን ይዛ ስትመጣ ነገርኳት። አልሳቀችም። ቶሎሳ የሚባል ዓይነ ስውር ተማሪ ነበር፣ ሁልጊዜ ይመጣ ነበር፣ ደረጃው ላይ ከወደቀ በኋላ ግን አላየነውም አለችኝ። የት ደረሰ ብላት፣ “ማን ጠይቆ?” አለች። ሦስተኛው ጥራዝስ?

“እሱን ዝናብ ነካው። ማን ያነበዋል ብለን ለቆሎ ሻጯ ሰጠናት።”

እጄን ኪሴ ከተትኩ። ጥቅሉ እዚያው ነበር። ነጥቦቹ በጣቴ ሥር አንድ በአንድ ተሰሙኝ።

በማግሥቱ ሪፖርቴን መልሱልኝ አልኩ። ኃላፊው ምን ብለህ ልታርመው ነው፣ የተቆለፈ ክፍል ውስጥ ተጠቃሚ አገኘሁ ብለህ ነው? አለኝ፣ ቀጥሎም ፊርማ አምጣና ክፍሏን አልዘጋትም አለ። ክፍሏ ተዘጋች፣ ዛሬ የተሰበሩ ወንበሮች ማከማቻ ናት። ስለ ቶሎሳ ሰበታ ውስጥ ያልጠየቅሁት ሰው የለም፣ የሚያውቀው አላገኘሁም። የተረፉትን ሦስት ጥራዞች ግን በጆንያ ተሸክሜ ቤቴ አስገብቻቸዋለሁ።

ዓለም ገና መብራት ሲጠፋ፣ ታውቁታላችሁ መቼም፣ ከሳሎን ሽር ይላል። ሻማ መለኮስ ትቻለሁ። ሰባት ዓመት ብቻውን ለኖረ ሰው ከወዲያኛው ክፍል የሚያነብ መኖሩ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ያህል አይከፋም። የሚከፋው ሁለተኛው ጥራዝ ሲያልቅ ነው። ድምፁ ይቆማል፣ ግን አይሄድም፣ ይጠብቃል።

እስካሁን ከሦስተኛው ጥራዝ አሥራ አንድ ቅጠል ሰብስቤአለሁ። ሰበታም ሆነ ዓለም ገና ቆሎ ከገዛችሁ ወረቀቱን ዳብሱት። ነጥብ ካለው ቆሎውን ብሉና ወረቀቱን አምጡልኝ።