በደረጃው ራስ የሚያቃስተው ማተሚያ

ሽማግሌው ተርጓሚ ከደረጃው ግርጌ በጀርባቸው ወድቀዋል። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ፊታቸውን ስታይ፣ ከላይ፣ ማንም ከሌለበት፣ አንድ ነገር አቃሰተ። በር ጠባቂው ፖሊስ ክው አለ።

«የጋሼ ማተሚያ ነው» አለች የሟቹ የእህት ልጅ፣ የቢሮው ጸሐፊ። «ማንም ሳይነካው እንዲህ ይሆናል።»

መርማሪዋ ወጣች። በደረጃው ራስ፣ ከሟቹ ክፍል በር አጠገብ፣ በፈሳሽ ቀለም የሚሠራ አሮጌ ማተሚያ ብቻውን ያጉረመርማል። እንዲህ ያለው ማሽን ቀለም እንዳይደርቅበት ራሱን እንደሚያጸዳ ታውቃለች። ቢሆንም ሰውነቷን ቀፈፋት። ክፍሉ ውስጥ የኤሌክትሪክ ማሞቂያው አሁንም እየነደደ ባዶ ወንበር ያሞቃል።

ቢሮው የሦስት ሰው ነው፦ ሟቹ፣ ታናሽ ወንድማቸውና ይህች ልጅ። ጠዋት ልጅቱ ከሟቹ ጋር ስትጨቃጨቅ ጎረቤት ሰምቷል፤ አስከሬኑ አጠገብ ቀድማ የተገኘችውም እሷ ናት። ፖሊሱ ካቴናውን አውጥቷል።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በማተሚያ» አለችና እንባዋ መጣ። «ይሄን አሮጌ እንጣልና እንደ ላይኛው ያለ፣ በደረቅ ቀለም የሚያትም ሌላ ሌዘር እንግዛ አልኳቸው። ‹እኔን ስትቀብሩ ትጥሉታላችሁ› አሉኝ።»

የወንድምየው ክፍል ከዚያ በላይ ያለው ፎቅ ነው፤ ሌዘር ማተሚያውም እዚያው ነው።

«ለደንበኛ የሚሄድ ትርጉም ከሌዘሩ እየተቀበልኩ ሳለ ጩኸት ሰማሁ» አለ። «ይኸው፣ ወረቀቱን እንደያዝኩ ነው የወረድኩት።»

«በአሮጌው ለምን አላተሙም?»

«በዚያ? ሲገዛ ርካሽ፣ ቀለም ሲጠጣ ጋን! ውሃ ከነካው ደግሞ ጽሑፉ ይሟሟል። ለደንበኛ በሌዘር ብቻ ነው፤ የቤቱ ሕግ ነው።»

ወንድሙ ከሞተ ገና ጥቂት የሆነው ሰው ስለ ማተሚያ ይህን ያህል አንደበት ማግኘቱ መርማሪዋን ከነከናት። ወረቀቱን ተቀበለችው።

የሟቹ ሚስት ስትደርስ መርማሪዋ ሁሉንም በደረጃው ራስ ሰበሰበቻቸው። ወረቀቱንም ለሚስትየው ሰጠቻት።

«የባለቤትዎ ትርጉም ነው?»

ሴትዮዋ የባሏን ቃላት ስታይ አልቻለችም፤ እንባዋ ወረቀቱ ላይ ዱብ ዱብ አለ። መርማሪዋ በአውራ ጣቷ አበሰችው። ፊደሉ ተሟሟና ሰማያዊ ጭረት ሆነ።

«ሌዘር እንዲህ አይሟሟም» አለች። «ልጄ፣ ማሞቂያውን ማን አበራው?»

«እኔ ነኝ። በረደኝ አሉኝ።»

«ከዚያስ?»

«ሌዘሩን ከታች፣ ከመብራት ማከፋፈያ ሳጥኑ አጠፋሁት። ሁለቱ አንድ ላይ ከበሩ መብራቱ ይቋረጣል። ሌዘሩ ሲጠፋ ሥራው በኔትወርኩ ወደ አሮጌው ይሄዳል፤ ጋሼ ራሳቸው ናቸው እንዲህ ያደረጉት።»

መርማሪዋ ወደ ወንድምየው ዞረች።

«ስለዚህ ከሌዘሩ ወረቀት የሚቀበል ሰው አልነበረም። እርስዎ ላይ ሆነው እንዲታተም አዘዙ፤ ወረቀቱ ግን እዚህ፣ ወንድምዎ በር ላይ ወጣ። ሊወስዱ ሲሮጡ እሳቸው ቀድመው አንስተውታል። ትርጉሙን ብቻ ቢያዩ እርስዎን ምን ገዶዎት! ከትርጉሙ ጋር ሌላ ምን አትመው ነበር?»

የወንድምየው እጅ ሳያስበው ወደ ደረት ኪሱ ሄደ። ፖሊሱ ቀደመው። የተጨማደደ የሽያጭ ውል ወጣ፤ ሟች እናቷ ለልጅቱ ያወረሰቻት ቤት፣ ከሌላ ወረቀት በተቀዳ የልጅቱ ፊርማ።

«ልቀማው ብዬ ነው...» አለ። «አልለቅም አለ። ገፋሁት። እንዲሞት አልነበረም።»

«አንተ!» አለች ሚስትየው።

ለልጅቱ የወጣው ካቴና ወደ እሱ ዞረ። እያወረዱት ሳለ ልጅቱ ባለችበት ደርቃ ቀረች።

«ማሞቂያውን ባላበራው ኖሮ፣ ወረቀቱ ላይኛው ፎቅ ይወጣ ነበር» አለች። «ጋሼም አያዩትም ነበር።»

«ቤትሽም ይሸጥ ነበር» አለች መርማሪዋ።

«ቤት ምን ያደርግልኛል? እሳቸው ይኖሩልኝ ነበር።»

ማተሚያው እንደገና አቃሰተ። አሁን ግን የደነገጠ የለም። ልጅቱ ቀረብ ብላ መዳፏን ክዳኑ ላይ አኖረች።

«አንጥለውም፣ ጋሼ» አለችው።