የሁለት ሳጥን ከፍታ

ቀውላላው የሚሉት ፒያኒስት ፒያኖው ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን የመታው የማይክ ማቆሚያ የብረት እግር ከጎኑ ወድቋል። አዳራሹ ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የሚባል ነገር የለውም፤ መውጫው አንድ ደረጃና አንድ የብረት በር ብቻ። መርማሪው እንደገባ በሩን አስዘጋና «ነገሩ ሳይለይ ማንም አይወጣም» አለ። ማራገቢያው ከቆመ ሰንብቷል። ውስጥ ያሉት ሰዎች አንዱ የተነፈሰውን ሌላው እየተነፈሰ ይጠብቁ ጀመር።

መርማሪው ሃያ ስድስት ዓመት ያገለገለ ሰው ነው። ሥራውን ያስተማራቸው ልጆች የትምህርት ወረቀት ይዘው መጥተው አለቆቹ ሆነዋል። አንደኛው ከጣቢያ ደውሎ «ዘበኛውን ይዘህ ና፤ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» አለው። «እሺ ጌታዬ» ብሎ ስልኩን ኪሱ ከተተ። እሺ ማለት መሄድ አይደለም።

ዘበኛውን ያስጠረጠረው ይህ ነው። ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ሩብ ሰዓት ያህል ፒያኖው ሲመታ ሁሉም ሰምቷል። ያን ጊዜ ዘፋኟ ልብስ መለወጫ ክፍል፣ ከበሮ መቺው መታጠቢያ ቤት፣ የሟቹ ታናሽ ወንድም የሆነው ጊታር ተጫዋች ከመድረኩ ጀርባ ሽቦ ሲጠቀልል ነበርን ይላሉ፤ ሁሉም ለየብቻ። ፒያኖው ዝም ሲል የሻይ ሰዓት ደርሶ ነበርና ሦስቱም መድረኩን በማያሳየው የጎን መተላለፊያ ተከታትለው ወጥተው ማዶ ሻይ ቤት አብረው ተቀመጡ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲመለሱ አስከሬን ጠበቃቸው። በመሃል ከሟቹ ጋር የቀረው ዘበኛው ብቻ ነው።

«ጠዋት ተሰዳድበዋል» አለ አስከሬኑ ከተገኘ በኋላ ተጠርቶ የመጣው የአዳራሹ ባለቤት። «ሟቹ ወንበር ሲጠይቀው ዘበኛው አልሰጥም አለ።»

«አልሰጥም ያለው በማን ትእዛዝ ነው?»

«በኔ ነዋ። ወንበሩ የእንግዳ ነው።»

ነጭ ጨርቅ የለበሰ ሦስት መቶ ወንበር ግድግዳውን ተደግፎ ተደርድሯል። ለእንግዶቹ የሚጫወትላቸው ሰው ግን መቀመጫውን ራሱ ይፈልግ። ከበሮ መቺው የከበሮውን ማሸጊያ ሳጥን ገልብጦ ይቀመጣል፤ ፒያኒስቱ ባገኘው የለስላሳ ጠርሙስ የፕላስቲክ ሳጥን ላይ አሮጌ መጋረጃ አጥፎ ይጥልበታል። ጊታር ተጫዋቹ ይቆማል።

መርማሪው ወደ ዘበኛው ዞረ። «አባቴ፣ ፒያኖው ሲመታ የት ነበሩ?»

«በሩ ላይ። ፊት ለፊት ያለው ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን ሲያወርድ አንዱን ጫፍ ይዤለት ነበር። ፒያኖው ከጀመረ እስኪያቆም አልተነቃነቅኩም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ብቻዬን።» ሽማግሌው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጄ፣ ባለቤቴ የአልጋ ቁራኛ ናት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ካላገላበጥኳት ገላዋ ይቆስላል። ሌላ ሰው የለንም። እኔን ከወሰዳችሁኝ እሷንስ ማን ያነሳታል?»

መርማሪው አንድ ፖሊስ ወደ ልብስ ሰፊው ላከ። የፖሊስ ፎቶ አንሺው ሥራውን ሲጨርስ መርማሪው የሚቀመጥበት ፈልጎ ዞር ዞር አለ፤ ማንም ወንበር አላቀረበለትም፤ ለምዶታል። የሟቹ መቀመጫ ላይ ተቀመጠና ወደ ፒያኖው ሊጠጋ ቢል ጉልበቱ ጠርዙን መታው። አልገባ አለ። ብድግ ብሎ አስከሬኑን በዓይኑ ለካው። ቁመታቸው እኩል ነው። ሳጥኖቹን ቆጠረ፤ ሁለት ናቸው፤ ተደራርበዋል። ደግሞም ከፒያኖው መሃል አንድ ክንድ ያህል ወደ ግራ ፈቀቅ ብለዋል።

ከበሮ መቺውን ጠራው። በርሜል የሚያህል ሰው ነው።

«ቀውላላው ስንት ሳጥን ላይ ይቀመጥ ነበር?»

«አንድ። ሁለት ካደረገማ ፒያኖውን በጉልበቱ ተሸክሞ ይሄዳል።»

«አንተስ ሳጥን ላይ ትቀመጣለህ?»

«አንዴ ሞክሬ ተሰብሮ ስወድቅ፣ ሕዝቡ ከዘፈኑ ይልቅ ለኔ አጨበጨበ። የፕላስቲክ ነገር አይችለኝም ጌታዬ።»

ዘፋኟ ቀጠለች።

«ፒያኖ ትችያለሽ?»

ጣቶቿን ዘረጋች፤ የተለጠፉት ጥፍሮቿ የማንኪያ ጫፍ ያህላሉ። «በዚህ? ስልኬንም በስንት መከራ ነው የምነካው።»

«ወንድማማቾቹ ፒያኖ የት ተማሩ?»

«እናታቸው ሰው ቤት ልብስ ስታጥብ፣ እዚያ ቤት ፒያኖ ነበር። ሁለቱ ባንድ አግዳሚ ላይ ሆነው ይለማመዱ ነበር፤ ትልቁ በቀኝ፣ ድንቢጥ በግራ። ቀውላላው ሞቅ ሲለው ያወራዋል። ‹ዜማው የኔ፣ ጉርምርምታው የሱ ነበር› ይልና ይስቅበታል።»

ድንቢጥ የሚሏት ወፍ አይደለችም፤ ታናሽ ወንድሙ ነው። አጭር፣ ዝምተኛ፣ ጠጉሩ መሸበት የጀመረ።

«ለምን ቆመህ ትጫወታለህ?»

«ጋሼ፣ ወንድሜ፣ ‹ጊታር የሚያምረው ቆመው ሲጫወቱት ነው› ይላል።»

«ስንት ዓመት ሆነህ?»

«ከሱ ጋር? አሥራ ዘጠኝ።»

«ፒያኖስ?»

«ትቼዋለሁ።»

ፖሊሱ ተመልሶ ለመርማሪው ጆሮ አንሾካሾከ። መርማሪው ሁሉንም ፒያኖው ዙሪያ ሰበሰባቸው። ባለቤቱ ሰዓቱን እያየ ተነጫነጨ።

«እኔ ትምህርቴ እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው» አለ መርማሪው፤ «ስለዚህ ቀስ ብዬ ነው የምናገረው። ቀውላላው እዚህ መቀመጫ ላይ ሆኖ ሊጫወት አይችልም። በቁመት እኩል ነን፤ የኔ ጉልበት አልገባም። ታዲያ ስምንት ሰዓት ላይ የሰማችሁት የሱን ፒያኖ አይደለም። እሱ ያን ጊዜ መሬት ላይ ነው። ሌላ ሰው ነው የተጫወተው፣ በሕይወት አለ እንድትሉ።»



«ያ ከሆነ ግድያው ሻይ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ነው። ፒያኖው ሲመታ እኚህ አባት በሩ ላይ የስፌት መኪና ተሸክመዋል፤ ልብስ ሰፊው መስክሯል። ከውጭ የገባ ቢኖር ያዩት ነበር። ስለዚህ ከሦስታችሁ አንዱ ነው። እሷ በነዚያ ጥፍሮች ቁልፍ መምታት አትችልም። ይሄ ወንድሜ ሳጥኑ ላይ ቢቀመጥ አሁን ስብርባሪ ነበር የምናገኘው።»

«ተመስገን፣ ውፍረቴ አንድ ቀን ጠቀመኝ» አለ ከበሮ መቺው። ማንም አልሳቀለትም።

«ሙዚቀኛ መቀመጫውን ሳያስተካክል አይጫወትም። ቤት እየነደደ እንኳ መጀመሪያ ሳጥኑን ያስተካክላል። ቁመቱ አጭር የሆነ ሰው ሁለተኛ ሳጥን ደረበ። ከዚያ፣ በልጅነቱ እንደለመደው፣ በግራ በኩል ተቀመጠ።» መርማሪው ወደ ጊታር ተጫዋቹ ዞረ። «ቀኙን ለማን ነበር የተውከው?»

ድንቢጥ ባዶውን ቦታ አየው። እዚያ ክፍል ውስጥ ካሉት ሁሉ ቀድሞ የተገረመ እሱ ራሱ መሰለ።

«አላወቅኩም» አለ። «በናቴ፣ አላወቅኩም። ለሱ ቦታ ትቼለት ነው።»

ቀስ ብሎ ተንበረከከ። «ሌላ ባንድ ፈልጎኝ ነበር። ደብዳቤው በሱ እጅ ገብቶ ሁለት ወር ደበቀብኝ። ዛሬ ስጠይቀው ‹አይፈልግም ብዬ መልሼላቸዋለሁ፤ አንተ ያለኔ የት ትገባለህ?› አለኝ። ሳቀ። ብረቱ እጄ ላይ ነበር። ሲወድቅ መውጣት ፈለግኩ፤ በሩ ላይ ዘበኛ አለ። ከሻይ ሰዓት በፊት ፒያኖው ዝም ካለ ደግሞ ምን ሆነ ብለው መጥተው ያዩታል። የት ልግባ? ተቀመጥኩና መታሁ።»

ዘበኛው ጠጋ አለው። «ልጄ፣ እኔን ቢወስዱኝ ትናገር ነበር?»

ድንቢጥ ቀና ብሎ አየው። «አልናገርም ነበር፣ አባባ።»

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። አልተሳደበም። «አሥራ አንድ ሆነ?» ብሎ መርማሪውን ጠየቀው።

«አሥር ደቂቃ አልፏል።»

የብረቱ በር ተከፈተና ደረጃው ላይ ብርሃን ወረደ። ባለቤቱ ዘበኛውን «ነገ በጠዋት ግባ፤ ወለሉ መታጠብ አለበት» አለው። ሽማግሌው ደረጃውን መውጣት ጀምሮ ነበር።

ውጭ ከጣቢያ የተላከው መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል። መርማሪው የኋላውን በር ሊከፍት የተንደረደረውን ሾፌር አስቆመው።

«መጀመሪያ እኚህን አባት ቤታቸው አድርስ።»

«አለቃ እስረኛውን ቶሎ አምጣ ነው ያሉኝ።»

«እስረኛው እዚሁ ከኔ ጋር ይጠብቃል። ታማሚዋ ግን አትጠብቅም። ንዳ።»

ሽማግሌው እሱን ሊያስር በመጣው መኪና ከሾፌሩ ጎን ገባ። መንገዱን በጣቱ እያሳየ፣ «በዚህ፣ በዚህ በአቋራጩ» እያለ ሄደ።