የመራጭ ካርድ

«ከመሰላል ወድቀው ነው» አለ ምክትል አዘጋጁ፣ መርማሪዋ ገና ከበሩ ሳታልፍ።

የመዝገበ ቃላቱ ዋና አዘጋጅ ከረጅሙ የካርድ ቁም ሣጥን ሥር ሞተው በጀርባቸው ተዘርግተዋል። በእጃቸው አንድ ካርድ ይዘዋል። መርማሪዋ በርከክ ብላ አነበበችው። «መራጭ፦ ከመረጠ የወጣ። ለይቶ የሚያነሣ፤ መጣልም የሚችል። የቆየ ምሳሌ፦ ዘር መራጭ የነቀዘውን ይጥላል።»

«ያቺን ካርድ ሊያወርዱ ወጥተው ነው» አለ ምክትሉ። «በዚህ ዕድሜ መሰላል ይቅርብዎ ብዬ ስንቴ መከርኳቸው። ጠዋት ስገባ እንዲህ ሆነው አገኘኋቸው።»

«የነኩት ነገር አለ?»

«ምንም። ሮጬ መጽሐፍ ጠራዡን ጠራሁ።»

የሟች ልጅ የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ናት። ከመተየቢያዋ ፊት ደርቃ ተቀምጣለች።

«ከላይ ደብዳቤ መጥቶ ነበር» አለች። «‹መጣልም የሚችል› የሚለው ይውጣ፣ መራጭ ለቀረበለት ሰው ድምፅ የሚሰጥ ነው ተብሎ ይጻፍ የሚል። አባባ ይህን ቃል ሥሩ ድረስ ለመከተል ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል። እምቢ አለ። ረቂቁ ከቀትር በኋላ ማተሚያ ቤት ይገባል። አሁን የሚፈርመው ምክትሉ ነው።»

ጠራዡ ሽማግሌ ሙጫ የነካው ጣቱን እያሻሸ ጣልቃ ገባ። «እዚህ ቤት ሳይፈረምበት የሚወጣው ሰው ብቻ ነው፣ እመቤቴ። ካርድ ከወጣ በቦታው ያወጣው ሰው የፈረመበት ባለቀለም ወረቀት ይገባል። የጋሼ ቀይ፣ የልጅቷ ቢጫ፣ የምክትሉ አረንጓዴ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የዘነጋ አላየሁም።»

መርማሪዋ የሟችን ጠረጴዛ ዳበሰች። ሁሉም ቦታ አቧራ አለ፤ አንዱ ማዕዘን ግን እርጥብ ነው። ከዚያ መሰላሉን ወጥታ የ«መ» ፊደልን መሳቢያ ሳበች። ቆየት ብላ ወረደችና ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው።

«ከመራጭ ቦታ የገባው ወረቀት አረንጓዴ ነው» አለች።

ምክትሉ ወደ መሳቢያው ቀና ብሎ አየ። «ትናንት... ትናንት አውጥቼው ነበር።»

«ካርዱን ትናንት እርስዎ ካወጡት፣ ሟች ምን ሊያወርዱ ወጡ?»

መርማሪዋ ወደ ጠረጴዛው እርጥብ ማዕዘን ጠቆመች።

«እኚህ ሰው መሰላል አልወጡም። በደብዳቤው ተጣላችሁ፤ ገፈተሯቸው፤ ጭንቅላታቸው ማዕዘኑን መታው። ደሙን አጠቡ፣ እሳቸውን ወደዚህ ጎተቱ። ለመውደቃቸው ምክንያት ሲያስፈልግ ካርዱን አወጡ። ያኔ እጅዎ የለመደውን ሠራ፤ አረንጓዴ ወረቀትዎን በቦታው አስገባ።»

«መግደል አላሰብኩም» አለ ምክትሉ ዝግ ብሎ። «ለአንድ ቃል ብለው ሁላችንንም ሊያስባርሩን ነበር።»

ጠራዡ ፊቱን አዞረ።

መርማሪዋ ካርዱን ለማስረጃ ፖስታ ውስጥ ስትከት ልጅቷ ተነሥታ መንገዷን ዘጋች። ነጭ ወረቀት ዘረጋችላት።

«ካርድ ከወጣ ይፈረማል» አለች።

መርማሪዋ ፈረመች። ልጅቷ ወረቀቱን በካርዱ ቦታ አስገብታ ወደ መተየቢያዋ ተመለሰችና፣ ምንም ሳታይ፣ ማተሚያ ቤት በሚገባው ረቂቅ ላይ በቃሏ «መጣልም የሚችል» ብላ ጻፈች።