ቀድማ የምትጀምረው ድምፅ

«ማን ፈቀደልህ? እየቀዳኸኝ ነው አይደል?»

ከአቢጋኤል አፍ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው። ቦታው ሆሳዕና መናኸሪያ ነበር። የሶልን ስልት ከአፍሮቢትና ከኤሌክትሮኒክ የምናዋህድ የሙዚቃ ቡድን አለን፤ ምቱን የማቀናብረው እኔ ነኝ። ያን ቀን የሚኒባስ ረዳቶቹን «ዱራሜ! ዱራሜ!» የሚል ጥሪ ለምት ብዬ እየቀዳሁ ነበር። ለካ እሷ አጠገቤ ቆማ እያንጎራጎረች ኖሯል።

«ይቅርታ እህቴ... አጠፋዋለሁ» አልኳት።

አላጠፋሁትም። ዓይኗን ካየሁ በኋላ እንዴት ብዬ!

ቤት ገብቼ ሳዳምጠው ግን ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። የሚያንጎራጉሩት ሁለት ሴቶች ናቸው። እሷ ደግሞ ብቻዋን ነበረች።

ሳምንት ሙሉ መናኸሪያ ተመላልሼ አገኘኋት። ሄድፎኑን ሰጠኋት። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ዮዲት ናት... እህቴ። ከሞተች ዓመት ሆናት።»

ዳምቦያ ባለው ቸርቻቸው ኳየር ውስጥ ዮዲት አንደኛ ድምፅ፣ አቢጋኤል ሁለተኛ ነበሩ። አንደኛዋ ትጀምራለች፣ ሁለተኛዋ ትከተላለች። አቢጋኤል በሕይወቷ አንድም መዝሙር ቀድማ ጀምራ አታውቅም።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ስቱዲዮ ወዳደረግነው ወደ ቤዝ ጊታር መቺያችን ወደ ሆሴዕ ቤት ትመጣ ጀመር።

«ሰው ዘፋኝ ሆነች ቢለኝም ግድ የለኝም» ትላለች። «እሷን ልስማት ብቻ!»

የምትመጣው ለሙታን ነው፤ እኔ ደግሞ በፍቅሯ እየነደድኩ ነበር።

በየቅጂው የዮዲት ድምፅ እየጎላ፣ የአቢጋኤል እየሳሳ ሄደ። ሆሴዕ «ማይኩ ነው» አለ። ማይክ ቀየርን፤ ጭራሽ ባሰበት። አንድ ቅዳሜ የመጨረሻውን ስሰማ በጣም ፈራሁ። ለአቢጋኤል ላሰማት እሱን ብቻ አስቀርቼ፣ ጨርሳ እንዳትጠፋብኝ ሌላውን በሙሉ አጠፋሁት።

እንዳጠፋሁት ስነግራት «ለሁለተኛ ጊዜ ገደልካት!» ብላ ጮኸችብኝ። «በሞተ ሰው ትቀናለህ?»

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። በሩ ላይ ደረስኩባት።

«አቢ፣ አንዱ አለ። ስሚውና ሂጂ።»

ሰማችው። ዮዲት እዚያው ክፍል ውስጥ የቆመች ያህል ጥርት ብላ ትዘምራለች።

«የኔስ?» አለች።

«የለም። ፊቴ ቆመሽ ስትዘምሪ አይቼሻለሁ... ድምፅሽ ግን የለም።»

ሄድፎኑን በሁለት እጇ ጫን አደረገች። «እየጠራችኝ ነው።»

«እኔም እየጠራሁሽ ነው፣ አቢዬ!»

ቦርሳዋን አስቀምጣ ወደ ማይኩ ሄደች።

«ክፈተው» አለች። «ዛሬ እኔ እጀምራለሁ።»

ምቱን ለቀቅኩት። ጀመረች። ድምፅዋ ተሰበረ፣ ግን አላቆመችም። በሄድፎኑ ዮዲት ከኋላዋ ገባች፤ ሁለተኛ ሆና! አንድ ስንኝ ተከተለቻትና ዝም አለች። የቀረውን አቢጋኤል ብቻዋን ጨረሰችው።

«ሄደች...» አለች እንባዋ እየወረደ። «አንተ ግን እንዳትሄድ።»

አልሄድኩም። ዘንድሮ ጥር ላይ ተጋባን። ዛሬም ጓዳ ሆና ስታንጎራጉር ሥራዬን ትቼ ጆሮዬን እሰጣለሁ። አንድ ድምፅ ነው፤ የሷ። እፎይ ብዬ ሄጄ አቅፋታለሁ።