አባቴ ይሙት

«ራስዎን ስተው ያውቃሉ?» አለች የልብ ሐኪሟ፣ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሣ።

«ኧረ በጭራሽ» አለ አባቷ።

ልጅቱ ከጎኑ ተቀምጣ የጫማዋን ጫፍ አየች። አባቷ እንዲህ ቀልጠፍ ብሎ ሲዋሽ ሰምታው አታውቅም። የከተማ አውቶብስ ሾፌር ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሲነዳ ሰው ቀርቶ ድመት አልገጨም፤ ከእርጋታው የተነሣ ተሳፋሪዎቹ «ቀስ በቀስ» የሚል ስም አውጥተውለታል። የቸኮለ ሰው የሱን አውቶብስ ሲያይ «ዛሬስ እግሬ ይሻለኛል» ይላል። እሱም አብሮ ይስቃል።

ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት፣ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ እንደ ወትሮዋ ከጀርባው ተቀምጣ ነበር። አውቶብሱ አንድ ፌርማታ ላይ በሩን ከፍቶ ቆመና አልንቀሳቀስ አለ። የሚወርደው ወረደ፤ የሚሳፈረው ተሳፈረ። «ሾፌር፣ ተኛህ እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ። ቀና ስትል የአባቷ ግንባር መሪው ላይ ተደፍቷል። ትከሻውን ነቀነቀችው፤ ዝልፍልፍ ብሏል። ስንት ሰከንድ እንደቆየ እንጃ፣ ለሷ ግን አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ መሰላት። ከዚያ ላብ ያጠመቀው ፊቱን ቀና አደረገና «እንቅልፍ ነው፤ ይቅርታ» ብሎ ማርሽ አስገባ።

ከሥራ ሲመለስ በረንዳ ላይ ጠራት።

«ለእናትሽ እንዳትነግሪ። ዝም ብላ ነው የምትሸበረው።»

«ግን እኮ አባዬ…»

«አባቴ ይሙት በይ።»

ሺህ ጊዜ የማለችው መሐላ ነው፤ ለቁም ነገርም ለቀልድም፣ «ደብተርሽን አልወሰድኩም፣ አባቴ ይሙት» እያለች። ያን ቀን ግን ከአፏ አልወጣ ብሎ ታገላት። እሱ ዓይን ዓይኗን ሲያያት አለችው። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ነዳ፤ እሷም ከጀርባው ተቀምጣ በመስታወቱ ዓይኖቹን ስትጠብቅ ሰነበተች።

ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ እንደሚያጥረው አይታ በግድ ለሕክምና የላከችው እናቷ ናት። ራሷ ፋብሪካ የቀን ፈረቃ ስለነበረባት ልጇን አስከተለችው። «እሱ ከተባለው ግማሹን ነው የሚነግረኝ። አንቺ ጆሮ ሁኚኝ» አለቻት።

ቅድም፣ የልብ ምት የሚያነሣው ባለሙያ ሽቦዎቹን ደረቱ ላይ ሲለጣጥፍ፣ አባቷ «ይሄ ነገር አይነዝርም?» ብሎ ነበር። ባለሙያው ሳቀ። «እኛ እናዳምጣለን እንጂ ምንም አንልክብዎትም፣ ጋሼ።» ለአባቷ ነገሩ በዚያ ያለቀ ነበር፤ ክኒን ይሰጡኛል፣ ቤቴ እገባለሁ።

ሐኪሟ ወረቀቱን ወደነሱ አዞረችው። «እዚህ ጋ ምቱ ዘግይቷል፤ አያችሁ? ራስ መሳት ከሌለ አንድ ቀን ሙሉ ደረትዎ ላይ የሚውል ትንሽ መመዝገቢያ እንሰጥዎታለን። ከዚያ በሁለት ሳምንት እንገናኛለን።»

«እሱ ይሻላል» አለ አባቷ ለመነሣት እየተመቻቸ።

«ራሱን የሚስት ሰው ቢሆንስ?» አለች ልጅቱ።

ሐኪሟ አሁን ገና አየቻት። «ያኔ ወደ ቤቱ አንሸኘውም። እዚሁ አስተኝተን እንከታተለዋለን፤ ካስፈለገም ከትከሻው ዝቅ ብሎ፣ ከቆዳው ሥር፣ ልቡ ሲዘገይ የምታነቃ ትንሽ መሣሪያ እናስገባለታለን። ሲሰሙት ያስፈራል እንጂ ብዙው ሰው በጥቂት ቀን ውስጥ ይወጣል።»

«መንዳትስ?»

«የራሱን መኪና፣ ቆይቶ ምናልባት። ስልሳ ሰው የሚጭን አውቶብስ ግን ላይመለስበት ይችላል። በዚህ አልሸነግልሽም።»

ከጠረጴዛው ሥር የአባቷ ጉልበት ጉልበቷን ነካት። ገፋ አላደረጋትም፤ ነካት ብቻ።

«ስቷል» አለች። ድምጿ የሷ አልመሰላትም። «አውቶብሱ መሪ ላይ። እኔም ነበርኩ።»

«መቼ?»

«አሥራ ሁለት ቀኑ።»

«ከዚያ በኋላስ ነድቷል?»

«በየቀኑ።»

ሐኪሟ ቀና ሳትል ጻፈች። ልጅቱ ብትቆጣት ትመርጥ ነበር። አባቷ ከላይ እስከ ታች ሸሚዙን ሲቆልፍ ቁልፎቹ ተዛነፉበት፤ ወይ አላየውም፣ ወይ ግድ አልሰጠውም።

ከቀትር በኋላ መስኮት አጠገብ አልጋ ሰጡት። ስምሪት ክፍሉ ጋ ደውሎ «መኪናዬን ለሌላ ሰው ስጡት» ሲል በትክክል፣ ረጋ ብሎ ነው የተናገረው። ስልኩን ዘጋና ወደ ግድግዳው ዞረ።

«ማንም አይግባብኝ። አንቺም ሂጂ።»

«አንቺ» አላት። «እንኮዬ» ነበር የሚላት።

«የት ልሂድ?»

«አባቴ ይሙት ብለሽ ነበር።»

«ብዬ ነበር።»

«እና?»

ምን ትበለው። ያንን መሐላ ምላ አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ከጀርባው መቀመጧን? ከፊቷ ልጅ ያዘለች እናት በተሳፈረች ቁጥር ዓይኗን ከመስታወቱ አለማንሣቷን?

«እኔ እኮ ከዚህ ሌላ ሥራ አላውቅም» አለ፣ ለግድግዳው።

ስልኩ ጮኸ። እናቷ ናት። አባቷ ድምፁን ጠራርጎ አነሣው። «ደህና ነኝ… አይ፣ ለጥቂት ቀን ተኛ ብለውኝ ነው… መሣሪያው ነው ያወቀው። ወረቀቱ ላይ ወጣ። ማንም አልነገራቸውም፤ ምን ይነገራል? እኔም አላውቅ!» ከዚያ ስልኩን ለልጁ ዘረጋላት፤ ከሐኪሟ ክፍል ከወጡ ወዲህ ገና አሁን አያት። ዓይኑ ላይ ቁጣ የለም። ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀላት፣ እንዳትይ፣ በዚሁ ይለፍ እንደማለት። እሷንም ጭምር ከነገሩ እያወጣት እንደሆነ ገባት።

«እውነት መሣሪያው ነው ያገኘው?» አለች እናቷ። ከጀርባዋ የፋብሪካው ማሽን ይጮኻል። «ተመስገን። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ደብቆኛል ብዬ… አንቺስ ምንም አላየሽበትም፣ አይደል?»

«አዎ፣ አላየሁም» ብትል ነገሩ እዚያው ያልቃል።

«እማ፣ ቆመሽ ነው?»

«ቆሜ ነው። ምነው?»

«ተቀመጪ።»

አባቷ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። እሷም አልወጣችም፤ እዚያው አልጋው ጠርዝ ላይ፣ እግሩ አጠገብ፣ እሱ እየሰማት ተቀመጠች።

«ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት ነው፤ ጠዋት» አለች።