ያልተቆጣው ፊት

የመላጫ ክሬም ፋብሪካው ባለቤት ከቢሮው ጀርባ ባለው መታጠቢያ ክፍል ውስጥ በጀርባው ተዘርሮ ተገኘ። ፊቱ በራሱ ክሬም ተለቅልቋል፤ ቀኝ እጁ ምላጭ ይዟል፤ ማጅራቱ የመታጠቢያውን ጠርዝ መትቶ ተፈንክቷል። አጠገቡ የወደቀው ቱቦ ላይ «በቀላሉ ለሚቆጣ ቆዳ፤ ሽታ የሌለው» የሚል ጽሑፍ ይነበባል። በር ላይ የተሰበሰቡት ሠራተኞች «የእጁን አገኘ» ይባባላሉ። ሬሳ ፊት እንዲህ ማለት ነውር ነው፤ ግን ሀይ ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

ጉዳዩን እንድትይዝ የተላከችው መርማሪ በመሥሪያ ቤቷ «ወስፌ» ትባላለች። ቀጭን ናት፤ የነካችውንም ሳትበሳ አትለቅም።

«ክሬሙ ሲያቃጥለው ዓይኑን ጨፍኖ ተደናበረና አንሸራተተው» አላት ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ። «ሁሉም የሚሉት ይህንኑ ነው።»

«ሁሉም አንድ ነገር ሲሉ እኔ እጠራጠራለሁ» አለችና ጎንበስ ብላ ከሟቹ ጉንጭ ላይ ክሬሙን በጨርቅ ጠረገች። ከሥሩ ያለውን ቆዳ ብዙ አየችው። ከዚያ ብሩሹን ዳሰሰች፤ ምላጩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ መርምራ ወጣች።

ዘበኛው እንደነገራት፣ ሠራተኞች ከመግባታቸው በፊት በጓሮ በር የገቡት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ የሟቹ ሚስት፣ የሟቹ እህትና ፀጉር አስተካካዩ።

መጀመሪያ የጠየቀችው ፀጉር አስተካካዩን ነው።

«በየሁለት ቀኑ የምላጨው እኔ ነኝ» አላት። «ዛሬም ለዚያው መጥቼ ባንኳኳ መልስ የለም። ተኝቶ ይሆናል ብዬ ተመለስኩ።»

«በዚህ ክሬም ነበር የሚላጩት?»

ሰውየው ከት ብሎ ሳቀ። «ጋሼ? የሚሸጠውን ነገር ፊቱ ዝር አያስብለውም! ሥርዓት አለው እኮ፤ መጀመሪያ ለብ ያለ ፎጣ፣ ቀጥሎ ሽቶም ሜንቶልም የሌለበት ድፍን ሳሙና፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ምላጩም ፀጉሩ ወደተኛበት። አዲስ ሳሙና ከመጣ ክንዱ ላይ ቀብተን እናየዋለን እንጂ ፊቱን አናስነካም። አንዴ ተሳስቼ ሽቶ ያለበት ብቀባው፣ ብሩሼን ሳላለቀልቅ ፊቱ በርበሬ መሰለ።»

«ይኸኛውስ ሽታ የለውም ይላል።»

«ቱቦው ይላል! አፍንጫዎ ምን ይላል? የርካሹን ዘይት ሽታ በሽቶ ደፍነውታል። በግድ ሱቄ አስገብቶ ደንበኞቼን በተነብኝ። እጠላው ነበር፤ ምን እደብቃለሁ?»

ሚስቱ አላለቀሰችም፤ ለማልቀስም አልሞከረች።

«ቆዳው የአባታቸው ውርስ ነው» አለች። «እሱም እህቱም ሳሙና ገና ሲያዩ ይቀላሉ። የእኔ የዝሆን ነው፤ እዚያ ቤት ለመኖርም የበጀኝ እሱ ነው።»

«ይጠሉት ነበር?»

«ሰው ፊት የሚያዋርድ ባል ይወደዳል? ጠዋት የመጣሁት የቤት ቁልፍ ልወስድ ነው። ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ አንስቼ ሄድኩ። ልገድለው ብፈልግማ ይህን ሁሉ ዓመት አልጠብቅም።»

እህትየው ሟቹን በዕድሜ ትበልጠዋለች። ወስፌ ውሃ ብታቀርብላት ብርጭቆውን በግራ እጇ ተቀበለች፤ ቀኟ ከካፖርቷ ኪስ አልወጣም።

«ልጅዎ እዚህ ይሠራ ነበር አሉ።»

«የክሬሙ ቀማሚ ነበር። የሰው ፊት ሲቃጠል ወንድሜ ‹ቅመሙን ያበላሸው እሱ ነው፤ አሁን አባርሬዋለሁ፣ ክሬሙም ጸድቷል› ብሎ መሰከረበት። አጎቱ ነው እኮ! ልጄ እስር ቤት ታሞ ሞተ። ይኸው ሁለት ዓመት፣ በሰፈሩ ‹የመራዡ እናት› እባላለሁ። ክሬሙን አስመርምሩልኝ ብዬ ያልረገጥኩት ደጅ የለም። ‹ነገሩ አልቋል፣ እናቴ፤ ቤትዎ ይግቡ› ይሉኛል።»

«ክሬሙን እርስዎ ሞክረውት ያውቃሉ?»

«ልጄ ከሞተ ወዲህ በእጄ አልነካሁትም።»

ወስፌ ይህን ስትሰማ አዘነች። መልሱን አግኝታለች፤ ባላገኘሁት ብላ የተመኘችበት ጊዜ ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም፣ ሠራተኞቹንም ማሸጊያ አዳራሽ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ክሬሙ ገደለው ብላችኋል» አለች። «ይህ ሰው በሕይወት እያለ ቢቀባው ኖሮ ፊቱ ባፍታ ይቀላ ነበር። እኔ ሳየው ግን ጥርት ያለ ነው። ደም ያልዞረበት ቆዳ አይቆጣም። ስለዚህ ክሬሙ የተቀባው ከሞተ በኋላ ነው።»

አዳራሹ ተንጫጫ።

«ብሩሹ ደረቅ ነው፤ ምላጩ ላይ አንድ ፀጉር የለም። የቀባው ሰው በባዶ እጁ ነው የቀባው። ፀጉር አስተካካይ አደጋ ለማስመሰል ቢፈልግ ብሩሹን ያረጥብ፣ ምላጩንም ጉንጩ ላይ ያሳልፍ ነበር።»

«ተመስገን!» አለ ፀጉር አስተካካዩ ላቡን እየጠረገ።

«ደግሞስ ለምን በዚህ ክሬም? ገዳዩ ‹ክሬሙ ባለቤቱን በላ› እንዲባል ፈልጓል። ሚስት የፋብሪካው ወራሽ ናት፤ የራሷን ጉሮሮ አትዘጋም። ክሬሙ እንዲወገዝ ከልቧ የምትፈልግ አንዲት ሰው ናት።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እትዬ፣ ቀኝ እጅዎን ያውጡት።»

ሴትየዋ እጇን ከኪሷ አወጣች። መዳፏ ቀልቶ አብጧል፤ የጣቶቿ መካከል ሽፍ ብሎ ተሰነጣጥቋል።

«ገፋሁት» አለች። «‹የልጄን ስም መልስልኝ› ስለው ሳቀብኝ። ‹ለሞተ ሰው ስም ምን ያደርግለታል?› አለኝ። ሲወድቅ አላዘንኩም፤ አሁንም አላዝንም። በሰፈረው ቁና ሰፈርኩለት። ለሰው ሁሉ ሲቀባ የኖረውን እኔ ለእሱ ቀባሁለት!»

ወስፌ ካቴናውን ይዛ ቀረበች። ሴትየዋ እጇን ወደ ደረቷ ሰበሰበች።

«ቆይ፣ ልጄ። እጄን ምን አቃጠለው? ሁሉም እየሰማ ንገሪኝ።»

«ክሬሙ።»

«ቱቦው መቼ ነው የተሞላው?»

መልሱን የሰጠችው ከኋላ የቆመች አሻጊ ነበረች። «በዚህ ሳምንት ነው፣ እትዬ። ቢሮ የገባውን በእጄ ነው ያሸግኩት።»

«ልጄስ ያኔ የት ነበር?»

ወስፌ ሴትየዋን ትክ ብላ አየቻት። «ልጅዎ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። ይህን ክሬም እሱ አልቀመመውም።»

«ዳኛው ፊት እንዲህ ትያለሽ?»

«ሳልል በእርስዎ ላይ ማስፈረድ አልችልም።»

እናትየው ሁለቱንም እጆቿን ዘረጋችላት።

«እንግዲያው ቶሎ ውሰጂኝ» አለች። «ሳይድን ይዩት።»