ፎርሙ ያወቀው ሰው

ጡረተኛው መምህር በሆስፒታል አልጋቸው ላይ ሞተው ሲገኙ፣ መድኃኒቱን የሚያንጠባጥበው ማሽን ገና እየሠራ ነበር። ማሽኑ የመድኃኒቱን መጠን የሚቀበለው በኮምፒውተር ከሚሞላ የትእዛዝ ፎርም ነው። መጠኑን አንድ ሰው ከፍ አድርጎታል። «ትእዛዙን ያስገባው» በሚለው ቦታ የሰፈረው ደግሞ የተረኛዋ ነርስ ስም ነው።

የዎርዱ ኃላፊ ሐኪም አንድ ወረቀት ገፋ አደረጉላት።

«ጥፋቴ ነው ብለሽ ፈርሚ። በቀላሉ እንዲያልፍልሽ አደርጋለሁ።»

«ባልበላሁት ዕዳ ማንም አይጠይቀኝም! አልፈርምም፣ ዶክተር።»

«ኮምፒውተር እኮ አይዋሽም፣ ልጄ።»

«የሚሞላው ሰው ግን ይዋሻል!»

ስለ ሞቱ ሊያጣራ መጥቶ በሩ ላይ የቆመ የፖሊስ መርማሪ ይህን ሰማ። ባልደረቦቹ «ወንፊት» የሚሉት ቀጭን ሰው ነው። ነርሷ ይሄም ሊያስፈርመኝ መጣ ብላ ፊቷን አጠቆረችበት።

«የይለፍ ቃልሽን ለሰው ሰጥተሽ ታውቂያለሽ?»

«የጥርስ ብሩሼንስ ለሰው እሰጣለሁ?»

ፈገግ አለ። «መጠኑንስ ትቀይሪያለሽ?»

«በምን ልቀይረው? እኔ የታዘዘውን አነባለሁ፣ ‹ተሰጥቷል› እላለሁ፤ አለቀ።»

የሆስፒታሉ ፋርማሲስትም ከዚህ የተለየ አልተናገረም። መድኃኒቱ መኖር አለመኖሩን ከሚመዘግብበት ቦታ በቀር በፎርሙ ላይ ሌላ ነገር አይታየውም። ወንፊት ከዚህ በኋላ የሆስፒታሉን ፕሮግራመር አስጠርቶ፣ ሁሉንም በነርሶች ክፍል ሰበሰበ። የሟቹ ልጅ ኮሪደሩ ላይ እያለቀሰች ነበር።

«እስቲ በየተራ በየራሳችሁ አካውንት ግቡ፤ ያንኑ ፎርም ክፈቱ» አለ።

ነርሷ ከፈተች፤ መጠን መቀየሪያ ሳጥን የለም። ፋርማሲስቱም ከፈተ፤ የለም። ሐኪሙ እያቅማሙ ገቡ፤ ሳጥኑ ቁልጭ ብሎ ወጣ።

«ለምንድን ነው?» አለ ወንፊት።

ፕሮግራመሯ መለሰች። «ፎርሙ ሲከፈት የገባው ማን እንደሆነ ይጠይቃል። በዚህ ዎርድ ሳጥኑን የሚያሳየው ለኃላፊው ብቻ ነው።»

«‹ትእዛዙን ያስገባው› የሚለውንስ ስም ከገባው ሰው ይወስዳል?»

አቀረቀረች። «እሱ ከዝርዝር ነው የሚመረጠው። የማንንም ስም መምረጥ ይቻላል።»

ወንፊት ወደ ሐኪሙ ዞረ። «እንግዲህ ስሙ የፈለገው ሰው ሊሆን ይችላል። ይህች ልጅ ግን ሳጥኑን አይታው አታውቅም። ያላዩትን ሳጥን መሙላት አይቻልም። መጠኑን የቀየረው እርስዎ ሆነው የገባ ሰው ነው። አካውንትዎን ሌላ ሰው ይጠቀምበታል?»

ሐኪሙ ከኮምፒውተሩ ራቅ አሉ። «ማንም... ተጣድፌ ነበር። አንዲት ዜሮ ጨምሬ ነካሁ። መሞታቸውን ስሰማ ፎርሙን መልሼ ከፈትኩና ስሜን በስሟ ቀየርኩ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለሆስፒታሉ ክብር ሲባል፣ ነገሩ እዚሁ በመካከላችን ይቅር።»

ነርሷ ከመቀመጫዋ ተነስታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«ግቢ፣ እህቴ። አባትሽ እንዴት እንደሞቱ ከራሳቸው ከዶክተሩ አፍ ስሚ።»